ስማርት ኮንትራት በሕግ ፊት ውል ይሆናልን?

ጠያቂው ነዋሪነታቸው አዲስ አበባ የሆነ የሶፍትዌር ባለሙያ ናቸው። ጀርመን አገር ላለ አንድ አነስተኛ ኩባንያ የመጋዘን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሊሠሩ ተስማምተዋል። የወረቀት ውል አልፈረሙም፤ በኢሜይል ከተነጋገሩ በኋላ ኢተሪየም በተባለው ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ የሚያዝ ዲጂታል መዝገብ) ላይ የተጫነ ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም የተቀመጠለት ሁኔታ ሲሟላ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅተዋል። ደንበኛው 6,000 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ ስቴብልኮይን (ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ዲጂታል ገንዘብ) በኮዱ ውስጥ ይቆልፋል፤ ሥራው በአራት ምዕራፍ ስለሚረከብ ገንዘቡም በአራት ጊዜ ይለቀቃል። የአንድ ምዕራፍ ርክክብ ከተመዘገበ በኋላ ደንበኛው በ14 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካላስገባ፣ ኮዱ የዚያን ምዕራፍ ክፍያ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ጠያቂው ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) ያስተላልፋል። ጥያቄያቸውም እንዲህ የሚል ነው፦ «ይህ በሕግ ፊት ውል ነው ወይ? ብንጣላስ ፍርድ ቤት ይቀበለዋል?»

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። በእርስዎና በደንበኛዎ መካከል ውል አለ ለማለት የሚያስችል በቂ መሠረት አለ። ስምምነቱ በኮድ መጻፉ፣ በብሎክቼይን ላይ መቀመጡ፣ የወረቀት ፊርማ የሌለው መሆኑ ብቻውን ውሉን ዋጋ አያሳጣውም። እኔን የሚያሳስቡኝ ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የመረጣችሁት የክፍያ ዓይነት ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮዱ ባልታሰበ መንገድ ቢሠራ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ስማርት ኮንትራት» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ኒክ ሳቦ የተባለ የኮምፒውተርና የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ ምሳሌውም ሳንቲም ሲገባበት ለስላሳ መጠጥ የሚያወጣው ማሽን ነበር። ኢተሪየም እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ቃሉ ሰፍቶ፣ በብሎክቼይን ላይ ተጭኖ በራሱ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም በዚህ ስም ይጠራል። ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል ብዙዎቹ በሕግ ትርጉም ውል የሚያሰኝ ነገር የላቸውም። በአሜሪካ የአምስተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ቶርኔዶ ካሽ የተባለውን፣ የክሪፕቶ ገንዘብ ዝውውርን ዱካ የሚሸፍን አገልግሎት በተመለከተ በሰጠው ውሳኔ፣ ማንም ሊለውጠውና ሊቆጣጠረው የማይችል ኮድ የማንም ንብረት ሊሆን እንደማይችል ከመግለጹም በላይ፣ ውል ቢያንስ ሁለት ተስማሚ ወገኖች የሚያስፈልጉት በመሆኑ እንዲህ ያለው ኮድ ውል ሊባል እንደማይችል አስረድቷል። የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለት የሚተዋወቁ ወገኖች፣ የታወቀ ሥራና የታወቀ ዋጋ አለበት። ስለዚህ ሕጉ የሚጠይቀው ኮዱ ውል መሆኑን ሳይሆን፣ ሁለታችሁ በምን ተስማማችሁ፣ ኮዱስ በዚያ ስምምነት ውስጥ ምን ቦታ ሰጣችሁት የሚለውን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1675 ውልን የሚተረጉመው፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ንብረትን የሚመለከት ግዴታ ለማቋቋም፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚያደርጉት ስምምነት አድርጎ ነው። በቁጥር 1678 የተዘረዘሩት መሠረታዊ ሁኔታዎችም የታወቁ ናቸው፦ ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸውና ጉድለት የሌለበት ፈቃዳቸውን የሰጡ መሆናቸው፣ የውሉ ጉዳይ በበቂ ሁኔታ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆኑ፣ እንዲሁም ሕግ የተለየ ፎርም ያዘዘ እንደሆነ ያ ፎርም መጠበቁ። ከእነዚህ መካከል ስለ ወረቀት የሚያወሳ የለም። ቁጥር 1681 ደግሞ ፈቃድ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመዱ ምልክቶች ወይም መስማማትን በማያጠራጥር ድርጊት ሊገለጽ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ቁጥር 1719 ሕግ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም እንደማያስፈልገው ይናገራል። ደንበኛዎ በኢሜይል ስለ ሥራው ዝርዝር ከተነጋገረ በኋላ 6,000 ዶላር የሚያወጣ ገንዘብ ወደ ኮዱ ማስገባቱ፣ መስማማቱን የማያጠራጥር ድርጊት ነው። ይህን ሕግ ያረቀቁት ሰዎች ኮምፒውተርን እያሰቡ አልነበረም፤ ነገር ግን የፈቃድን መገለጫ ሰፊ አድርገው በመተዋቸው፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ድንጋጌ ዛሬም ጉዳያችንን ያለ ችግር ያስተናግዳል። ለዚህም ነው ለስማርት ኮንትራት የተለየ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ሁሉም ነገር ከሕግ ውጭ ነው የሚለውን አስተያየት የማልቀበለው።

በዚህ ላይ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ታክሏል። የዚህ አዋጅ ዋና መልእክት አንድ መረጃ ወይም ስምምነት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት ሊነፈገው አይገባም የሚል ነው። ኢሜይሎቻችሁም ሆኑ በብሎክቼይኑ ላይ የተመዘገቡት ግብይቶች ከዚህ መርህ ይጠቀማሉ። ሆኖም ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀላቅሉት ነገር አለ፤ በማስረጃነት መቅረብ መቻል አንድ ነገር ነው፣ የሚያስረዳው ነገር ምንድን ነው የሚለው ሌላ ነው። የብሎክቼይኑ መዝገብ ከዚህ ዋሌት ወደዚያ ዋሌት በዚህ ቀንና ሰዓት ይህን ያህል ገንዘብ መተላለፉን በሚገባ ያስረዳል። የዋሌቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ ግን አይናገርም።

ስለ ፊርማም እንዲሁ ነው። ዋሌት ግብይትን የሚያጸድቀው በሚስጥራዊ ቁልፍ በመፈረም ስለሆነ፣ የቴክኒክ ባለሙያዎች ይህ ከእጅ ፊርማ ይበልጣል ይላሉ፤ በሒሳብ ረገድም ልክ ናቸው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ግን ከፍተኛውን የሕግ እምነት የሚሰጠው፣ ፈቃድ ካለው ምስክር ወረቀት ሰጪ አካል የተገኘና ፈራሚውን በስሙ ለይቶ የሚያሳውቅ የምስክር ወረቀት ላለው ዲጂታል ፊርማ ነው። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የከፈተው ዋሌት እንዲህ ያለ ምስክር ወረቀት የለውም። ይህ ማለት ፊርማው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ደንበኛዎ «ዋሌቱ የእኔ አይደለም» ብሎ ቢክድ ግን የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ላይ ይወድቃል ማለት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቁጥር 2001 መርህም ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ሰው የግዴታውን መኖር ማስረዳት እንዳለበት ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀችው ሕግ ስማርት ኮንትራት የጽሑፍ ውል ያህል እንዲቆጠር የፈቀደችው፣ ተዋዋዮቹ በመንግሥት ተቋም በተወሰነ የኤሌክትሮኒክ መለያ ሥርዓት ማንነታቸው ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ከውጭ አገር ሕጎች ሁሉ ነገሩን በትክክለኛው ቦታው ያስቀመጠው ይህ ይመስለኛል፤ የአሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ሕግ ስማርት ኮንትራት በመሆኑ ብቻ ውል ዋጋ አያጣም ከማለት ብዙም አልራቀም። ለእርስዎ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ደንበኛው ከኩባንያው የኢሜይል አድራሻ የዋሌቱን አድራሻ ሙሉ በሙሉ ጽፎ «ይህ የድርጅታችን ነው» የሚል መልእክት ይላክልዎት፤ መልእክቱንም ሳይሰርዙ ያስቀምጡት።

አሁን በ14 ቀኑ ዝምታ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ፤ ምክንያቱም ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1682 ዝምታ በመርህ ደረጃ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ደንበኛዎ ይህን ጠቅሶ «ዝም ማለቴ ሥራውን ተቀብያለሁ ማለት አይደለም» ሊል ይችላል። ሆኖም ይህ ድንጋጌ የሚናገረው አዲስ የውል ሐሳብ ቀርቦለት ዝም ስላለ ሰው ነው። እዚህ ግን ውሉ አስቀድሞ ተቋቁሟል፤ ዝምታው የተወሰነ ውጤት እንዲኖረው የተስማሙት ራሳቸው ተዋዋዮቹ ናቸው። በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ደግሞ በቁጥር 1731 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ስለዚህ ክርክሩን የሚወስነው የ14 ቀኑን ደንብ ደንበኛው በትክክል አውቆ ተስማምቷል ወይ የሚለው ይሆናል። ኢሜይሎቻችሁ ውስጥ ስለ 14 ቀኑ በሰው ቋንቋ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ካለ እጅዎ ጠንካራ ነው። ደንቡ የሚገኘው በኮዱ መስመሮች ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ኮዱንም ያረቀቁት እርስዎ ከሆኑ፣ ነገሩ ይለወጣል። ቁጥር 1686 አንድ ወገን ያዘጋጀው ጠቅላላ የንግድ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው ያ ወገን ደንቡን አውቆ የተቀበለው እንደሆነ መሆኑን ይናገራል፤ ቁጥር 1738 ደግሞ እንዲህ ያለ ደንብ አጠራጣሪ ሲሆን ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዝዛል። እነዚህን ድንጋጌዎች ፕሮግራም ማንበብ በማይችል ደንበኛ ቦታ ሆነው ያንብቧቸው።

ኮድ እንዴት ይተረጎማል የሚለው ጥያቄ በሌላ አገርም ብዙ አነጋግሯል። የእንግሊዝና የዌልስ የሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ለመንግሥት ባቀረበው ምክር፣ ነባሩ የውል ሕግ ለስማርት ኮንትራት ስለሚበቃ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም ብሎ፣ የኮድን ትርጉም በተመለከተ ግን ኮድ የሚያውቅና የሚረዳ ምክንያታዊ ሰው ቃሉን እንዴት ይረዳው ነበር የሚል መለኪያ ሐሳብ አቅርቧል። እኔ በእኛ ሕግ ሥር ይህን መለኪያ ብቻውን መጠቀም የሚያስቸግር ይመስለኛል። ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛው ከቃሉ መራቅ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ቁጥር 1734 ደግሞ ቃሉ አጠራጣሪ ሲሆን የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ እንዲፈለግ ያዛል። ለማሽን ፈጽሞ ግልጽ የሆነ መስመር ለተዋዋዩ ሰው ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ «ግልጽ» ሲል የሚያስበው ደግሞ ሰውን ነው። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ዳኛ የባለሙያ ምስክር ጠርቶ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ካዳመጠ በኋላ፣ ወደ ኢሜይሎቹ ተመልሶ ሁለቱ ሰዎች ምን አስበው ነበር ብሎ ቢጠይቅ አይሳሳትም።

ከዚህ ሰፊ ነጻነት ውጭ የሆኑ ውሎች መኖራቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ የለብኝም፤ ምክንያቱም በዚህ ዘዴ ቤት ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ደግሞ በቁጥር 1727 መሠረት በተዋዋዮቹ የተፈረመና በሁለት ምስክሮች የተረጋገጠ ሊሆን ይገባል። ይህ ካልተሟላ ውሉ በቁጥር 1720 እንደ ረቂቅ ከመቆጠር አያልፍም፤ ብሎክቼይኑ ላይ ለዘላለም ቢቀመጥም ረቂቅነቱ አይለወጥም። የዋስትናና የመድን ውሎችም የጽሑፍ ፎርም አላቸው። የብድር ውልም ገንዘቡ ከ500 ብር በላይ ሲሆን በቁጥር 2472 የተወሰነ የማስረጃ ዓይነት ያስፈልገዋል። የእርስዎ ውል የአገልግሎት ውል በመሆኑ ከእነዚህ ውስጥ አይገባም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውሶ፣ ቢትኮይንንና መሰል ምናባዊ ገንዘቦችን ለክፍያና ለገንዘብ ማስተላለፊያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ሕዝቡም ከዚህ ድርጊት እንዲቆጠብ አሳስቧል። ስቴብልኮይን ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ መሆኑ ከዚህ መግለጫ መንፈስ አያወጣውም። እዚህ ላይ ቴክኖሎጂውንና ክፍያውን መለየት ተገቢ ነው። ብሎክቼይን ራሱ በአገራችን የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ካበለጸገው ኩባንያ ጋር የአምስት ሚሊዮን ተማሪዎችን መዝገብ በብሎክቼይን ለመያዝ መስማማቱ ይታወሳል። የሚያስጠይቀው ያልተፈቀደ መገበያያ በገንዘብ ቦታ መተካት ነው።

ይህ በውልዎ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ከባድ ነው። በቁጥር 1716 መሠረት የአንደኛው ተዋዋይ ግዴታ እንኳ ሕገ ወጥ ከሆነ ውሉ አይጸናም፤ በቁጥር 1808 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል እንዲፈርስ ማንኛውም ተዋዋይ ወይም ጥቅም ያለው ሌላ ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ሥራውን ጨርሰው ሳይከፈልዎት ቀርቶ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ክስ ቢያቀርቡ፣ ደንበኛው በዚህ መቃወሚያ ክፍያውን ሊያመልጥ ይሞክራል ብሎ ማሰብ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። በእርግጥ ሶፍትዌር መሥራት ሕጋዊ ሥራ ስለሆነ፣ ሕገ ወጥ የሆነው የክፍያው መንገድ ብቻ ነው፤ እሱ ተነጥሎ ቀሪው ይጽና ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔም በእርስዎ ቦታ ሆኜ ብከራከር ይህን እል ነበር። ነገር ግን ጠንካራ ክርክር መኖሩና በዚያ ክርክር ላይ የወራት ድካምን ማስያዝ የተለያዩ ናቸው። ለዚህ ነው ዋጋው በዩሮ ወይም በዶላር ተወስኖ ክፍያው በባንክ በኩል እንዲመጣ፣ ኮዱ ደግሞ የርክክብ ቀናትን፣ የተረከቡትን ፋይሎች ዲጂታል አሻራ (ፋይሉን ከሌላ የሚለይ ኮድ) እና የተቃውሞ ጊዜን በመመዝገብ ብቻ እንዲወሰን አጥብቄ የምመክርዎት። ገንዘቡን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ኮድ ያለው ውበት በዚህ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ሕጋዊ ጥበቃዎ ግን ይቀመጣል። የባንኩ አቋም ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ ከመፈራረማችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ያጣሩ።

ሁለተኛው ሥጋቴ ኮዱ ሲሳሳት የሚሆነው ነው። ቡና ላኪዎቻችን በሚገባ የሚያውቁት አንድ አሠራር ነገሩን ያቀልልናል። በኤልሲ (ባንክ በገዢው ስም ለሻጩ ለመክፈል ቃል በሚገባበት ሰነድ) ክፍያ ባንኩ የሚከፍለው ሰነዶቹ ተሟልተው ሲቀርቡ ነው፤ በመርከብ ላይ ያለው ቡና ጥሩ ይሁን መጥፎ አያጣራም። ስማርት ኮንትራትም እንዲሁ የተቀመጠለት ምልክት ሲሟላ ይከፍላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ለሕግ ባለሙያ ትልቅ ነው፤ ማጭበርበር ሲኖር ፍርድ ቤት ባንኩን «አትክፈል» ብሎ ሊያግደው ይችላል፤ ባንኩ አድራሻ አለው፣ ኃላፊ አለው፣ ትእዛዝ ይደርሰዋል። በብሎክቼይን ላይ ያለ ኮድ ግን ጽሕፈት ቤት የለውም። ማቆሚያ ካልተሠራለት በቀር የዳኛ ፊርማ አያቆመውም።

ለዚህ የሚጠቀሰው ዋና ፍርድ በሲንጋፖር የታየው የኮይን እና የቢቱሲቱ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ኮይን የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት አንድ ፕሮግራሙ የውጭ ገበያ ዋጋ መሳብ በማቆሙ፣ በዚያ መገበያያ ይገበያይ የነበረው የቢቱሲቱ ድርጅት ፕሮግራም አስቀድሞ በተሰጠው መመሪያ መሠረት ኢተር የተባለውን የኢተሪየም ዲጂታል ገንዘብ ከገበያው ዋጋ 250 እጥፍ ገደማ በሆነ ዋጋ ሸጠ። ሰው በዚያ ሰዓት የወሰነው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ማሽን ነበር። ኮይን በማግስቱ ግብይቱን ሰረዘ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2020 በሲንጋፖር ይግባኝ ሰሚ ችሎት ሲወሰን፣ አብላጫዎቹ ዳኞች የስህተት ክርክር የሚመዘነው ፕሮግራሙን በጻፈው ሰው እውቀት ነው፤ ፕሮግራም አድራጊው ያንን መመሪያ ሲጽፍ ሌላው ወገን በስህተት እንደሚገበያይ አላወቀም ብለው፣ ኮይን ውሉን ጥሷል አሉ። ሎርድ ማንስ በልዩነት ሐሳባቸው፣ ማንኛውም ሰው ያንን ዋጋ ቢያየው ከባድ ስህተት መሆኑን ወዲያው ይረዳ ስለነበር፣ ግብይቱ ባይጸና ይገባ ነበር ብለዋል።

እኔ በኢትዮጵያ ሕግ ሥር ከሎርድ ማንስ ጋር እቆማለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1696 ጀምሮ ስለ ፈቃድ ጉድለት ሲደነግግ ስህተትን የሚመዝነው የተሳሳተው ሰው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ይዋዋል ነበር ወይ ከሚለው አንጻር ነው፤ በቁጥር 1732 ውል በቅን ልቦና እንዲተረጎም ያዝዛል። በስህተት የተለቀቀ ገንዘብን «ኮዱ ሰጠኝ» ብሎ ማስቀረት ከቅን ልቦና ጋር አይሄድም። ስለዚህ በኮድ ጉድለት ምክንያት የአራተኛው ምዕራፍ ክፍያ ሥራው ሳይጠናቀቅ ቢለቀቅልዎት፣ ብሎክቼይኑ ያንን ግብይት የመጨረሻ ነው ቢልም፣ ሕጉ ግን ያልተገባ ክፍያን ስለ መመለስ በቁጥር 2164 በደነገገው መሠረት እንዲመልሱ ሊያስገድድዎት ይችላል። ለደንበኛውም ይኸው ይሠራል። ትእዛዙ የሚደርሰው ለእርስዎ እንጂ ለኮዱ አይደለም፤ ሕግ የሚያስገድደው ሰውን ስለሆነ። የማይለወጥ የሚባለውም ነገር በሰዎች ውሳኔ ሲለወጥ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዘ ዳኦ ከተባለው ፈንድ በኮድ ቀዳዳ 3.6 ሚሊዮን ኢተር ሲወሰድ፣ አብዛኛው የኢተሪየም ማኅበረሰብ መዝገቡን ወደ ኋላ የሚያርም ለውጥ ተቀብሎ ገንዘቡን መልሷል፤ ያልተስማሙት ኢተሪየም ክላሲክ ተብለው ተለይተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የዳታ ሕግ፣ ለመረጃ መጋራት የሚያገለግሉ ስማርት ኮንትራቶች በደኅና የሚቆሙበት ዘዴ እንዲኖራቸው ደንግጓል። በእርስዎ ኮድ ውስጥም ሁለታችሁም ስትስማሙ፣ ወይም አንድ ሦስተኛ ገለልተኛ ሰው ሲያጸድቅ ሥራውን የሚያቆም መንገድ እንዲኖር ያድርጉ። ያለዚያ የሚቀርዎት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ መክሰስ ነው።

የት ትከሳላችሁ የሚለው ይቀራል። ደንበኛው ጀርመን አገር የተቋቋመ ኩባንያ ስለሆነ በጀርመን ፍርድ ቤት ሊከሱት ይችላሉ። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ በውሉ ውስጥ የየት አገር ሕግ እንደሚገዛው ካልመረጣችሁ፣ ሮም አንድ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንቀጽ 4 መሠረት የአገልግሎት ውል የሚገዛው በመርህ ደረጃ አገልግሎት ሰጪው በሚኖርበት አገር ሕግ ነው፤ ያም ማለት የጀርመን ዳኛ ከላይ የዘረዘርኳቸውን የኢትዮጵያ ድንጋጌዎች ሊመለከት ይችላል፤ የክፍያው ሕጋዊነት ጥያቄም እዚያ ድረስ ሊከተልዎት ይችላል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያገኙትን ፍርድ ጀርመን ወስዶ ማስፈጸም ግን በሁለቱ አገሮች መካከል ባለው የተደጋጋፊነት (አንዱ የሌላውን ፍርድ የማስፈጸም) ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የግልግል ዳኝነት የተሻለ ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለ ማስፈጸም የተደረገውን የኒው ዮርክ ስምምነት ተቀብላለች፣ ጀርመንም አባል ናት፣ የአገር ውስጥ ሥርዓቱም በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተደንግጓል።

ይህን ሁሉ ወደ ተግባር ለመመለስ ሁለት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ይበቃል። ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፣ በሁለታችሁም ይፈረም፤ ጽሑፉና ኮዱ ቢጋጩ ጽሑፉ ይጸናል የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑረው፤ የኮዱ አድራሻና የሁለታችሁ ዋሌቶች በውስጡ ይጠቀሱ፤ የ14 ቀኑ ደንብና ተቃውሞ የሚቀርብበት መንገድ በሰው ቋንቋ ይገለጽ፤ ክፍያው በባንክ መሆኑ፣ የሚገዛው ሕግና የግልግል ዳኝነቱ መቀመጫም ይካተቱ። ደንበኛው ገንዘቡን እስካሁን ካልቆለፈ፣ እንዳይቆልፍና ክፍያው በባንክ እንዲሆን ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ቆልፎ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ቀን መቁጠር ሳይጀምር ገንዘቡ እንዲመለስለት ተስማምታችሁ ክፍያውን በባንክ መንገድ እንደ አዲስ ጀምሩ።